የቤታችን ኮምፒውተር ምን አለው?

ልጄ ከባሕር ዳር ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ እናቷ ጉልበት ነው፤ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ፣ ከዚያ ስለ እኔ። የዚያን እሑድ ግን ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ፣

«አባዬ፣ የቤቱ ኮምፒውተር ስፔኩ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ስፔኩ። ምን ምን እንዳለው ማለቴ ነው።»

ከቅዳሴ ተመልሰን ገና ጋቢዬን አላወረድኩም ነበር። ኮምፒውተሩ ፍኖተ ሰላም ያለው ቤታችን ሳሎን ጥግ ላይ፣ ባለቤቴ የሠራችውን ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ዞር ብዬ አየሁትና «ሁሉም ነገር አለው» አልኳት። «ሳጥኑም አለ፣ ስክሪኑም አለ፣ ኪቦርዱም አለ። ማውሱ ብቻ አንዳንዴ ያስቸግራል እንጂ።»

ዝም አለች። ስቃ እንደሆነ ገባኝ። የሷን ሳቅ ከዝምታዋ ነው የምለየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን አርክቴክቸር ነው የምትማረው፤ የሕንፃ ንድፍ። የመጨረሻ ዓመቷ ነው ብለን ነበር። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ኔትወርኩ ሲሄድና ሲመጣ፣ የትምህርቱ ጊዜ ተዘበራርቆ ምረቃው ወደ ክረምቱ መጨረሻ ተገፍቷል፤ እኛም ይህንኑ ይዘን እየጠበቅን ነበር። የመመረቂያ ሥራዋን የምትሠራበት ፕሮግራም ከባድ ስለሆነ ባገኙት ኮምፒውተር ሁሉ ላይ አይሄድም። የቤታችን ከቻለው ክረምቱን እኛ ጋ መጥታ ትሠራለች። ካልቻለው እዚያው ባሕር ዳር፣ ላፕቶፕ ካላት ጓደኛዋ ጋር ትቆያለች። በስልክ የነገረችኝ ይኸ ነው።

«ይችላል» አልኳት ወዲያው።

«አባዬ፣ መቻሉን በምን አወቁ?»

በምን እንዳወቅሁ እኔም አላውቅም። ልጄን ካየኋት ብዙ ወር አልፎ ስለነበር ምንም ብትጠይቀኝ ይችላል ማለቴ አይቀርም ነበር።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። በጃቢ ጠህናን ገጠር ለገጠር ስዞር ነው ጠጉሬ የሸበተው። በሬ ቢያመጡልኝ ጥርሱን ገልጬ ዕድሜውን እናገራለሁ፤ ጆሮው ሲቀዘቅዝ፣ አፍንጫው ሲደርቅ፣ ማመንዠኩን ሲተው ምን እንደሆነ አያመልጠኝም። ኮምፒውተሩን ስገዛ ግን ያየሁት ነገር ቢኖር መልኩን ነው። አንድ ጎረቤታችን ሥራ ተዛውሮ ሲሄድ ሸጠልኝ። «ኮር አይ ፋይቭ ነው፣ ጎበዝ ማሽን ነው» አለኝ። እኔም ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ «ኮር አይ ፋይቭ ነው» ስል ኖርኩ። እንግዳውም «ጎሽ» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ እኔም አልጠየቅሁ፣ እሱም አልጠየቀኝ።

ከምሳ በኋላ ዳንቴሉን ገፍፌ ሳጥኑን ዞሬ አየሁት። በስተኋላው ብዙ ቀዳዳ አለው። ከፊት ለፊቱ የተለጠፈ ነገር ነበር፤ ግማሹ ተልጦ የቀረው ፊደል አይነበብም። ባለቤቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ከመነጽሯ በላይ ታየኛለች።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«ምን እንዳለው።»

«ስትገዛው አልጠየቅህም?»

«ኮር አይ ፋይቭ ነው።»

«እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ» አለችና ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

ሞባይል ዳታ ከጠፋ ቆይቷል፤ ልጄ በቪዲዮ አይታ ልትመራኝ አትችልም። እንደገና ደወልኩላት። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል ይዤ፣ የምትለኝን እየሰማሁ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ማይ ኮምፒውተር የሚለውን ሥዕል እንድጫነው ነገረችኝ፤ ተጫንኩት።

«ምን ይላል?»

«አራት መቶ ስልሳ አምስት ጂቢ ይላል።»

«እሱ ሃርድ ዲስኩ ነው አባዬ። እኔ የምፈልገው ራሙን ነው።»

«ሜሞሪውን አይደለም የምትፈልጊ?»

«አዎ፣ ሜሞሪውን። ራሙን።»

«ታዲያ ይኸስ ሜሞሪ አይደለም? አራት መቶ ስልሳ አምስት እኮ ነው።»

«እሱ ማከማቻው ነው። ሰው ሜሞሪ ይለዋል፣ ግን ሜሞሪ አይደለም።»

«ሜሞሪ ካልሆነ ለምን ሜሞሪ ይለዋል?»

ትንሽ አሰበች። «እንጃ፣ ስልክ ውስጥ የምናስገባት ካርድ ሜሞሪ ስለምትባል ይሆናል» አለችኝ። እሷ እንጃ ስትል እኔ ምን ልበል? መዝሙሩም፣ የዘመድ ሠርግ ፊልሙም፣ ሁሉም ነገር ያለው በዚህ በአራት መቶ ስልሳ አምስቱ ውስጥ ነው። የሚያስታውሰው እሱ ሆኖ ሳለ ስሙ ሜሞሪ አይደለም ተባልኩ። አልተዋጠልኝም።

«አሁን ሥዕሉን በቀኙ ይጫኑት» አለችኝ።

በቀኝ እጄ ተጫንኩት። ያው ነገር መጣ።

«በቀኝ እጅዎ ሳይሆን በማውሱ በቀኙ ጣት።»

የማውሱን ቀኝ ጣት ሳገኘው ረጅም ዝርዝር ወረደ፤ ታች ፕሮፐርቲስ የሚል አለ አለችኝ፣ አገኘሁት። አንድ ገጽ ተከፈተ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ማንበቡ አያቅተኝም። የመድኃኒት መመሪያ ሳነብ ነው የኖርኩ። ማንበብና መረዳት ግን አንድ እንዳልሆኑ የዚያን ቀን ነው በደንብ ያየሁት።

ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ፋይቭ ይላል። ደስ አለኝ፤ ጎረቤቴ አልዋሸኝም። ከጎኑ ግን ሦስት ነጥብ ሁለት የሚል አለ። ቀጥሎ ሜሞሪ፣ አራት ጂቢ፤ በቅንፍ ውስጥ ደግሞ የሚያገለግለው ሦስት ነጥብ ሁለት አራት። ከዚያ በታች ሠላሳ ሁለት ቢት። ሦስት ነጥብ ሁለት፣ ሦስት ነጥብ ሁለት አራት፣ ሠላሳ ሁለት። ሁሉም የአንድ ነገር ዘመድ መሰለኝ፤ አንዱ የአንዱ ድምር፣ ወይም አንዱ የአንዱ ቅናሽ። ሁሉንም አነበብኩላት።

«ሦስቱም ምንም አይገናኙም» አለችኝ። «አንደኛው ፍጥነቱ ነው፣ ሁለተኛው ራሙ ነው፣ ሦስተኛው የሲስተሙ ዓይነት ነው።»

«አራት ከሆነ ለምን የሚያገለግለው ሦስት ብቻ ሆነ? ቀሪው የት ሄደ?»

መልሷን ልሰማ ስል መብራት ሄደ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ስልኩ ግን አልተቋረጠም።

«በቃ አባዬ፣ ይተውት» አለችኝ። «አራት አይበቃም። ቢያንስ ስምንት ያስፈልገኛል። እዚሁ እሠራዋለሁ፤ አይልፉ።»

ድምፅዋ ቀለል ያለ መሰለኝ። ለኔ አዝና ነገሩን ልታቀልልኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ባለቤቴ ግን እስክርቢቶዋን አስቀምጣ «ምን አለችህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይልፉ አለችኝ።»

«እንዴት አድርጋ?»

«እንዴት አድርጋ ማለት ምን ማለት ነው? አይልፉ አለችኝ እንጂ።»

ባለቤቴ ቡሬ አካባቢ ያለ የአዊ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ እነሱ ቤት ነገር በአገውኛ ይጀመርና በአማርኛ ያልቃል። እኔ የተነገረውን ስሰማ እሷ አነጋገሩን ትሰማለች። እስክርቢቶዋን አንስታ ማረሟን ቀጠለች።

እኔ ደግሞ እንዴት ልተወው? አራቱ ስምንት ቢሆን ልጄ ቤቷ ትከርማለች። የጎደለው አራት ብቻ ነው። በበሬ ቢሆን፣ ለክረምቱ እርሻ አልደረሰም የሚሉኝን ስንቱን ቀልቤ አድርሻለሁ።

ፍኖተ ሰላም የማውቀው ባለ ሱቅ ዕቃ ሊያመጣ ባሕር ዳር ሄዶ መንገዱ ተዘግቶበት አልተመለሰም። የባለቤቴ ወንድም ቡሬ ይኖራል፤ ስደውልለት «እኛ ጋ አንዲት ጎበዝ ልጅ አለች፣ አምጣው» አለኝ። ሳጥኑን ብቻ ነቅዬ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን አቅፌው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ማንኩሳ ላይ ከገበያ የሚመለሱ አንዲት እናት ተሳፍረው አጠገቤ ተቀመጡ። ብርድ ልብሱን ሲያዩ፣ ሲያዩ ቆይተው፣ «ምንድን ነው ያቀፉት?» አሉኝ።

«ኮምፒውተር ነው፣ እሜቴ።»

«ታሞ ነው?»

«ኧረ ደህና ነው። ምን እንዳለው ላስጠይቅ ነው።»

«የሰው ነው?»

«የራሴ ነው።»

«የራስዎ ሆኖ ምን እንዳለው አያውቁም?»

«አላውቅም» አልኳቸው። እናትየው «ይሁና፤ የራሱን ማን ያውቃል» ብለው መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ቡሬ እስክንደርስ ድረስ ይህን በምርቃት ይበሉት በስድብ ሳወጣ ሳወርድ ነበር።

ቡሬ ያለችው ጠጋኝ ወጣት ሴት ናት፤ ሱቋ ጠባብ ሆኖ በየመደርደሪያው የተፈታ ማሽን ሞልቶታል። ወንበር ሰጥታኝ፣ የሳጥኑን ጎን ፈታች። ውስጡን ሳይ ደነገጥኩ። አቧራው እንደ በግ ጠጉር ተጋግሮ፣ ከላዩ ሸረሪት አድርቶበታል። በትንሽ ብሩሽ አጸዳችው፤ ከዚያ አንድ ቀጭን ሰሌዳ በጣቷ እያሳየችኝ፣

«ጋሼ፣ ራሙ ይኸ ነው» አለችኝ። «ከጎኑ ባዶ መሰኪያ አለ፣ አዩት? አንድ ተመሳሳይ እንጨምርበታለን።»

እስከዚያ ድረስ ራም የሚባለው በዓይን የሚታይ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። የጣት ያህል የምትሆን ሰሌዳ ናት። አራት ጂቢ ማለት ይቺ ናት? አራት መቶ ስልሳ አምስቱ ደግሞ ከታች ያለው፣ እንደ ጡብ የከበደው ብረት ነው አለችኝ። ቢያንስ መለየታቸው ገባኝ። ደስ ብሎኝ «ስለዚህ ትንሿ የምታስብበት ናት፣ ትልቁ ጎተራው ነው» አልኳት።

«እንደዚያ ነው ማለት ይቻላል» አለችኝ። «ግን የሚያስበው ራሙ አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ ነው። ራሙ ሲያስብ ነገሩን የሚዘረጋበት ነው።»

የገባኝ ነገር እዚያው ወጣብኝ።

አዲሱን ራም ቀጭ አድርጋ ሰካችው፤ ሳጥኑን ከራሷ ስክሪን ጋር አገናኝታ ከፈተችው። አሁን ያንን ገጽ አውቀዋለሁ፤ ከሷ ቀድሜ ዓይኔን ሜሞሪ ከሚለው ላይ ተከልኩ። ስምንት ጂቢ ይላል። እፎይ ልል ስል ቅንፉን አየሁት። የሚያገለግለው፣ ሦስት ነጥብ ሁለት አራት።

«ልጄ፣ ይኸ ምንድን ነው?» አልኳት። «አራት ሳለም ሦስት፣ ስምንት ሆኖም ሦስት?»

«አዎ፣ ሠላሳ ሁለት ቢት ስለሆነ ነው። ሲስተሙ ከዚህ በላይ አያይለትም።»

«አለ፣ ግን አያየውም?»

«አለ፣ ግን አያየውም።»

ማሰሪያው አጭር የሆነ ከብት ትዝ አለኝ። ሣሩ ቢሰፋ ገመዱ እስከሚደርስበት ነው የሚግጠው። ይህን ብነግራት፣ «እንደዚያ እንኳ አይደለም ጋሼ፤ ይኸ አድራሻ የመቁጠር ነገር ነው» ብላ ልታስረዳኝ ጀመረች። ቢት ማለት ምን እንደሆነ፣ ሠላሳ ሁለቱ ሲያልቅ ቁጥሩ እንዴት እንደሚያልቅ ነገረችኝ። ደግማም ነገረችኝ። እኔ ሰው ሲደክምልኝ አልወድም፤ በሦስተኛው ገባኝ አልኳት። አልገባኝም ነበር።

መፍትሔው ሲስተሙን፣ ዊንዶውስ የሚባለውን፣ ወደ ስድሳ አራት ቢት መቀየር ነው አለችኝ። «ሲ ላይ ያለው ይጠፋል። ሲ ላይ ምን አለ?»

ሲ የቱ እንደሆነም ማወቄን እጠራጠራለሁ። ለባለቤቴ ደወልኩ፤ እሷ «የልጅቷ የሃይስኩል ፎቶ እንዳይጠፋ» ብቻ አለችኝ። የት እንደተቀመጠ ግን እሷም አታውቅም። ጠጋኟ እዚህም እዚያም ስትከፍት ዴስክቶፑ ላይ፣ «አዲስ» ከሚል ፎልደር ውስጥ አገኘችው። ልጄ በዩኒፎርም፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ከጓደኞቿ ጋር። ጠጋኟ ፎቶዎቹንና የቀረውን ሁሉ ሌላ ቦታ ገለበጠችና ሥራው ጊዜ ስለሚወስድ ነገ ይምጡ አለችኝ፤ እኔም ለአዳር ወደ ባለቤቴ ወንድም ቤት ሄድኩ።

እዚያ እራት ላይ አማቾቼ ስለ ልጄ ጠየቁኝ። ስለ ኮምፒውተሩ፣ ስለ ምረቃው፣ ስለ ክረምቱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆይተው እርስ በርሳቸው በአገውኛ ማውራት ጀመሩ። የልጄን ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ሰማሁ። «ምን አላችሁ?» ስላቸው፣ የባለቤቴ ወንድም፣ «ምንም፤ ይቅናት ነው ያልን» አለኝ። ይቅናት ለማለት ያን ያህል ንግግር ያስፈልጋል? ግን እንግዳ ነኝ፤ ጎረስኩ።

በማግስቱ ገጹ ስምንት ጂቢ ይላል፤ ቅንፉም የለም። ስድሳ አራት ቢት። ከሱቁ ሳልወጣ ለልጄ ደወልኩ።

«ስምንት ሆኗል» አልኳት። «ሙሉ ስምንት። የሚያየው ስምንት።»

ዝም አለች። የሳቅ ዝምታ አልነበረም።

«አባዬ፣ የት ሆነው ነው?»

«ቡሬ። አስቀየርኩት።»

«ቡሬ ድረስ ወሰዱት?» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ግራፊክስ ካርድስ አለው? ለብቻው የሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይኸ ደግሞ አዲስ ነው። ስልኩን ለጠጋኟ ሰጠኋት። ሁለቱ በፍጥነት፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ አወሩ። ጠጋኟ፣ «አይ፣ ይሠራል። ለብቻው የለውም፣ ቀስ ይላል እንጂ ይሠራል» ስትል ሰማሁ። ትንሽ አዳመጠችና፣ «እንደዚያ ብዬ አልዋሽም እህቴ» አለች። ስልኩን ስትመልስልኝ ተዘግቷል።

«ምን አለችሽ?»

«ይሠራል ወይ አለችኝ፣ ይሠራል አልኳት።» ብርድ ልብሱን ሳጥኑ ላይ ስትጠቀልልልኝ ቀና ብላ አየችኝ። «ልጅዎ ደህና ናት ግን?»

«ደህና ናት። ምነው?»

«እንዳው ነው ጋሼ።»

ቤት ስገባ ይህንን ለባለቤቴ አንድ በአንድ ነገርኳት። ስለ ሠላሳ ሁለት ቢቱ ስነግራት አልሰማችኝም። ስለ ስልኩ ግን ሁለቴ አስደገመችኝ።

«ልጅህ የጠየቀችህ ስለ ሳጥኑ አልነበረም» አለችኝ።

«ስፔኩ ነው ያለችኝ፤ በራሴ ጆሮ ነው የሰማሁት።»

«አይበቃም እንድትላት ነው የጠየቀችህ።»

«ለምን?»

«እንጃ። ስትመጣ ትነግረናለች።»

ይኸኛው ከቢቱ የባሰ ሆነብኝ። ሰው ላለመምጣት ፈልጎ መምጫውን ይጠይቃል? ሥራ ቦታዬ ውዬ ሳስበው፣ ሳስበው፣ አንዴ ባለቤቴ ልክ ናት እላለሁ፣ አንዴ ነገር እያጠለቀች ነው እላለሁ።

መንገዱ ሲከፈት ልጄ መጣች። ከስታለች። ከእናቷ ጋር ተቃቅፈው ቆዩ፤ እኔን ጉልበቴን ስማ፣ «ኮምፒውተሩ እንዴት ነው?» አለችኝ። የዚያን ቀን ስለ ሌላ ነገር አላወራንም። በማግስቱ ጠዋት ከእናቷ ጋር ጓሮ ሆነው ሲያወሩ ቆዩ፤ ስወጣ ጎመን መቀንጠስ ጀመሩ።

ከምሳ በኋላ ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው እየጮኸ፣ ልጄ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ፣ እኔ በርጩማ ስቤ አጠገቧ ሆኜ ያንን ገጽ ከፈተችው። እየጮኸች ነው የምታስረዳኝ፤ አለዚያ በዝናቡ አይሰማም።

«ይኸ ፕሮሰሰሩ ነው አባዬ፤ የሚሠራው እሱ ነው። ይኸ ፍጥነቱ ነው። ይኸ ራሙ፤ አሁን ስምንቱንም ያያል። ይኸ የሲስተሙ ዓይነት፣ ስድሳ አራት ሆኗል። እኔ ዘንድሮ አልመረቅም።»

አንገቴን እየነቀነቅሁ ነበር የምከተላት። ጣቴን ወደ ስክሪኑ ዘርግቼ፣

«እሱስ የቱ ጋ ነው የተጻፈው?» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያን ጊዜ ነው የሰማሁትን የሰማሁት።

የመመረቂያ ሥራዋን ስታቀርብ መምህሮቿ አልተቀበሉትም። ሐሳቡ ደህና ነው፣ ሥራው አልበሰለም፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ውሰጂው ብለዋታል። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ሌሎችም አሉ። ይህ የሆነው ስለ ስፔኩ ከመጠየቋ በፊት ነው።

«ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?» አልኳት። ለመቆጣት አልነበረም፤ ግራ ገብቶኝ ነው።

«አይችልም ቢሉኝ አልመጣም ማለት ይቀለኝ ነበር። እዚያው ከርሜ፣ የተሻለ ነገር ሠርቼ፣ ያን ጊዜ እነግርዎታለሁ ብዬ ነው። እርስዎ ግን ቡሬ ድረስ ተሸክመውት ሄዱ።»

ለመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ዘንድሮ ትመረቃለች ብያለሁ። ጓሮ ለምረቃዋ ሙክት እያደለብኩ ነው። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ቀረ።

«ታዲያ ይቺ ማሽን ለሚቀጥለው ዓመት ትበቃለች?» አልኩ።

አፍንጫዋን ጠረገች። «ትበቃለች። ግራፊክስ ካርድ ቢኖራት ጥሩ ነበር።»

«እሱን እኮ ነው ያልተረዳሁት። ምንድን ነው እሱ?»

ልታስረዳኝ ጀመረች። ድምፅዋ እየተመለሰ መጣ። ምን እንዳለችኝ አንዱንም አልያዝኩም፤ እንድትቀጥል ግን ደጋግሜ ጠየቅኋት።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «ነገረችህ?» አለችኝ።

«ነገረችኝ መሰለኝ።»

«ሙክቱ እንደሆነ ካሌንደር አያውቅም» አለችና ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። ሙክቱ ለዘመን መለወጫ ይታረድ ማለቷ ነው ወይስ ለከርሞ ይቆይ ማለቷ፣ እስካሁን አልጠየቅኋትም፤ እየበላ ነው።

ሰኞ መሥሪያ ቤት ስገባ ምረቃው መቼ ነው ሲሉኝ፣ «ገፋ» አልኳቸው። እነሱም «ምን ይደረግ፣ ዘንድሮ ያልተገፋ የለ» አሉኝ። በዚሁ ታለፈ።

ክረምቱን ልጄ ሳሎን ውስጥ ነው የሠራችው። መብራት ሲሄድ ትተኛለች ወይም ከእናቷ ጋር ገበዝ ማርያም ካለችው አክስቷ ዘንድ ደርሰው ይመጣሉ፤ መብራት ሲመጣ ትቀመጣለች። ማሽኑ ሲበዛበት ውስጡ ያለው ማራገቢያ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ እኔ እፈራለሁ፤ እሷ ግን ደህና ነው፣ እያሰበ ነው ትለኛለች። ምን እንደምትነድፍ አልነገረችኝም ነበር። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን፣ «አባዬ፣ ይምጡና ይዩት» ብላ ጠራችኝ።

የማንኩሳ ገበያ ነው አለችኝ። ጣሪያ ያለው፣ እህሉ ለብቻ፣ ከብቱ ለብቻ፣ ዝናብ ሲመጣ ሰው የሚጠለልበት። ስንት ዓመት ክትባት ይዤ የተመላለስኩበት ገበያ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ነጭ ዓምዶች፣ ቀያይ ጣሪያዎች፣ አሞራ እንደሚያየው ከላይ የሚታይ። ሽማግሌዎቹ ከብት የሚያስሩበትን ዛፍ ፈለግሁ፣ ጨው የሚሸጡትን ሴቶች ቦታ ፈለግሁ፤ አንዱንም አላገኘሁም።

«የመኪናው መንገድ በየት በኩል ነው?» አልኳት።

ማውሱን ይዛ ገበያውን በሙሉ አዞረችው። ትንሽ ተንተባተበ፤ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ።

«በዚህ በኩል» አለችኝ።

«እዚያ ከሆነ ቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ መሆን ነበረበት።»

እሷም ጠጋ ብላ አየች። እንደገና አዞረችው። እኔ አንገቴን ወደ ግራ፣ እሷ ወደ ቀኝ አዘንብለን፣ ፊቱ የቱ እንደሆነ ስንፈልግ ባለቤቴ ያቀረበችልን ሻይ ቀዘቀዘ።